አሥራ አራት ደቂቃ ለማትረፍ

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

ሥራ የለም። ጾም ነው፣ በጾም ማን ይጋባል። ረዳቴ ሱሃይላ ጠዋት ስቱዲዮው ውስጥ ሁለት ጉርድ ፎቶ አነሳች፣ ከዚያ ወዲያ ስልኳ ላይ ተተከለች። እኔ የኮምፒውተሩን ጎን ፈትቼ አቧራ ሳራግፍ ዋልኩ። የአዳማ አቧራ በር ዘግተህም ይገባል… በየት ነው የሚገባው?

ጎረቤቴ ኢዛና ከጌም ቤቱ ብቅ አለ። በሩን ተደግፎ አየኝ አየኝና "ኪሩ፣ ይሄን ማሽን ጡረታ ካወጣኸው በኋላ ነው እንዴ የምታሠራው?" አለኝ። ፕሮሰሰሩም ራሙም ፋብሪካ ከወሰነላቸው ፍጥነት በላይ መሮጥ ይችላሉ አለ። ኦቨርክሎክ ይባላል። የጌም ቤቱን ማሽኖች በሙሉ እንዲያ አድርጓቸዋል። "ጉልበቱ ውስጡ አለ፣ አንተ አልጠየቅከውም እንጂ።"

ያለፈው ጥር ትዝ አለኝ። እሑድ ሠርግ፣ ማክሰኞ መልስ። መልሱ ላይ ቪዲዮው በትልቅ ስክሪን ካልታየ ደንበኛ ያኮርፋል። እኔ ደግሞ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብዬ 'ጨርስ በናትህ' እያልኩ ስለምን ነበር። ዘንድሮ እንዲያ አልሆንም።

ታኅሣሥ 15፣ ማክሰኞ

ጀመርኩ። መጀመሪያ ባለበት ለካሁት። የአንድ ሰዓት የሠርግ ቪዲዮ ሬንደር ተደርጎ እስኪወጣ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ።

ኢዛና ባዮስ የሚባለው የማሽኑ ውስጥ ማስተካከያ ገብቶ የቱን እንደምነካ፣ የቱን እንደማልነካ አሳየኝ። "አንድ እርከን ጨምር፣ ፈትን፣ ጻፍ። እንዳትዘል።" ቁጥሮቹን ያለፈው ዓመት ካላንደር ጀርባ ላይ እየጻፍኩ ነው። ፕሮሰሰሩ ሳያንገራግር ወጣ። ደስ ይላል… አንድ ነገር ስትጠይቀው እሺ ሲልህ። በዚህ ዕድሜዬ ስንት ነገር ነው እሺ ያለኝ?

ታኅሣሥ 18፣ ዓርብ

ራሙ አስቸገረ። ፍጥነቱን ከ3200 አንስቼ 4000 ላይ ልስቀለው ብል ስክሪኑ ጠቆረ። አለቀ ብዬ ደነገጥኩ። ሳንቲም የምታክለዋን ባትሪ አውጥቼ መልሼ ስከታት ተነሳ። 3800 ላይ ቮልቴጅ ጨመር ሳደርግለት ረጋልኝ። ትናንት ማታ መፈተኛው ፕሮግራም ላይ ትቼው ወደ ቤት ሄድኩ። ጠዋት ስመጣ ስህተት ዜሮ።

ሃምሳ ሁለት የነበረው ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ሆነ። አሥራ አራት ደቂቃ አተረፍኩ።

ለሱሃይላ ስፕሪስ ጋበዝኳት። "አሥራ አራት ደቂቃ ተርፎህ ምን ልታደርግበት ነው?" አለችኝ። ሳቅሁ።

ታኅሣሥ 23፣ ረቡዕ

ብርድ ነው፣ ለአዳማ እንኳ። ፕሮሰሰሩ ሙሉ ጭነት ላይ 66 ዲግሪ። ቆንጆ።

ጥር 14፣ ረቡዕ

ከገና ወዲህ ሁለት ሠርግ አስረከብኩ። ማሽኑ ይበራል። ከፊት ለፊቱ ስቱዲዮ ቀድሜ ሳደርስ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም… ትንሽ ሰው መሆኔ ነው መሰለኝ።

ዛሬ ከወንጂ ሲና የምትባል ሙሽራ ከአባቷ ጋር መጣች። ሠርጓ የዚህ ሳምንት እሑድ አይደለም፣ የሚቀጥለው ነው። አባቷ ኦቦ ወዬሳ ስኳር ፋብሪካው ወርክሾፕ ውስጥ አርባ ዓመት ቶርኖ ላይ ብረት ሲቀርጹ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ። "አካም ጅርተ" ብለው ገብተው ወንበር ሳይዙ ኮምፒውተሩን ማየት ጀመሩ። መዳፋቸውን ጎኑ ላይ አሳረፉ።

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ነገር በጣም ይሞቃል።"

ሥራ ላይ ስለሆነ ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። "ቶርኖም ሲሞቅ ልኩን ይስታል። እኔ ጠዋት በብርዱ የለካሁትን ቀን ሲሞቅ ደግሜ ነበር የምለካው።"

"ኮምፒውተር ሌላ ነው አባባ" ብዬ ፈገግ አልኩ። እሳቸውም ፈገግ አሉ። ደግ ሰው ናቸው። ለመልስ ስክሪን ምናምን አንፈልግም አሉ። "እኛ አንቸኩልም። ከፋሲካ በኋላም ቢሆን ይድረስ። ብቻ አሳምረው።"

የማይቸኩል ደንበኛ። ብርቅ ነው።

ጥር 20፣ ማክሰኞ

ሱሃይላ ጠራችኝ። አንዷ ሙሽራ ፊት ላይ ሮዝ መስመር፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ። ትናንት ከሰዓት ከካርድ የገለበጥነው ፎቶ ነው። "ካሜራው ነው፣ አርጅቷል" አልኳት። "ካሜራው ላይማ ስታየው የለም" አለች። ጊዜ የለኝም አልኩ። መስመሩን በእጇ አጠፋችው።

ጥር 25፣ እሑድ

ወንጂ። የሲና ሠርግ። ሁለተኛውን ካሜራ ወደ ሙሽራው ወገን ላክሁ፣ እኔ ሴቷ ቤት። ጄኔሬተሩ ድንኳኑ ሥር እየጮኸ ድምፅ ሊበላብኝ ነበር፣ ሄድፎን አድርጌ ከድምፅ ጋር ስታገል ዋልኩ። አባትየው ረጅም መረቁ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ። መሃል ላይ ባትሪ ሊያልቅብኝ ነው ብዬ ፈራሁ፣ አላለቀም። 31 ፋይል። እግሬ ዝሏል። ጥሩ ቀን።

ጥር 26፣ ሰኞ

ሙቀት ጀመረ። ከሰዓት የጣሪያው ቆርቆሮ ሲንጣጣ ይሰማል። የቅዳሜውን ሠርግ ሬንደር እያደረግሁ ጎን ለጎን የወንጂውን ገለበጥኩ። መሃል ላይ ሰማያዊ ስክሪን መጣብኝ። አጥፍቼ አበራሁት፣ ቀጠለ። 31 ፋይል፣ ቁጥሩ ልክ ነው። ካርዱን ለነገው የሞጆ መልስ አጸዳሁት። ካርዶቼ አራት ናቸው፣ አራቱም አያርፉም።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ኦቦ ወዬሳ ሞቱ።

ሐሙስ ነው አሉ። ደም ግፊት። ጫማቸውን ሊያስሩ ጎንበስ ብለው አልተነሱም። ሱሃይላ ናት የሲናን ልጥፍ አይታ የነገረችኝ። ልጃቸውን ከዳሩ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም።

ለቅሶ ደረስኩ። ያው ግቢ፣ ያው ድንኳን የቆመበት ቦታ። ሚስታቸው እትዬ አሳየች ስታየኝ እጄን ይዛ አልለቀቀችም።

"አንተ ጋር አለ አይደል ምርቃቱ?" አለችኝ። "እኔ እኮ አልሰማሁትም። የሙሽራው ሰዎች ሊደርሱ ነው፣ ወጡ አልደረሰም ብለው ጓዳ ነበርኩ። ሲያልቅ ነው ለጉልበት ስሞሽ የጠሩኝ። ግድ የለም፣ በቪዲዮ አየዋለሁ ብዬ…"

"አለ እትዬ" አልኳት። "ምንም አይሆንም፣ አለ።"

ስመለስ ታክሲ ውስጥ ሥራዬን ወደድኩት። ለሰው የሚተርፍ ነገር መሥራት ነው አልኩ ለራሴ። እንዲያ ነበር ያልኩት።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ጾሙ ገባ፣ ሠርጉ አበቃ። የወንጂውን ከፈትኩ።

ከ31 ፋይል አራቱ አይከፈቱም። አንዱ የዳንስ ነው። ሁለቱ የምግብ። አራተኛው አሥራ አንድ ደቂቃ የሚለው ነው።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

ምሳ አልበላሁም። መጠገኛ የሚባል ፕሮግራም ሁሉ ሞከርኩ። ካርዱን ፈለግሁ፣ ሞጆ ላይ ተቀርጾበታል፣ ከዚያ መተሐራ፣ ከዚያ ደራ። ምንም የለም። ዲስኩን ኢዛና ጋር ወሰድኩ። አብረን እስከ ማምሻው ታገልን።

ዘጠኝ ሰከንድ ወጣ።

ኦቦ ወዬሳ ከወንበራቸው ይነሳሉ። ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። ጉሮሮአቸውን ይጠርጋሉ። አፋቸውን ይከፍታሉ… ከዚያ አረንጓዴ። ድምፁ ቆርቆሮ ሲፋቅ።

ኢዛና ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠ። "እኔ ጌም ነው የማጫውተው" አለ ቆይቶ። "ቢሳሳት አጠፋዋለሁ፣ አበራዋለሁ። አንተ ግን የሰው ነገር ነው ውስጡ የምታስቀምጠው። ይሄን ያኔ ማሰብ ነበረብኝ።"

እሱ ምን በወጣው። ቁጥሩን በእጄ የሰቀልኩት እኔ ነኝ።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ማወቅ ፈለግሁ። ቀን ስምንት ሰዓት ላይ፣ ቆርቆሮው ሲግል፣ መስኮቱን ዘግቼ ያንኑ መፈተኛ አስነሳሁ። ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ዜሮ ያለኝን። ፕሮሰሰሩ 93 ዲግሪ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ 117 ስህተት።

ራሙ ሲሳሳት አይጮህም። ከካርድ ወደ ዲስክ ሲያሳልፍ ያነበበውን ትንሽ ቀይሮ ይጽፈዋል፣ ፋይሉም በስሙ፣ በቁጥሩ ቁጭ ይላል። የሱሃይላ ሮዝ መስመር እሱ ነበር። ነግራኝ ነበር። ኦቦ ወዬሳም ነግረውኝ ነበር፣ እዚሁ ቆመው፣ መዳፋቸውን አሳርፈው። በብርድ የለካኸውን በሙቀት ድገመው። ኮምፒውተር ሌላ ነው አልኳቸው።

ሁሉንም ወደ ፋብሪካው ፍጥነት መለስኩት። ሃምሳ ሁለት ደቂቃ። ሁለት ትርፍ ዲስክም ገዛሁ፣ ለቅጂ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ሲና ደወለች። ድምፅዋ ቀጭን ሆኗል።

"ሙሉው አይቸኩልም። ለአርባው ግን ያቺን የአባዬን ምርቃት ብቻ ቆርጠህ ስጠን። እማዬ በየቀኑ ትጠይቀኛለች።"

"እየሠራሁት ነው" አልኳት።

ምኑን?

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ሱሃይላ የሲና ሠርግ ላይ የነበሩ ልጆችን ስልክ ፈልጋ የቀረጹትን እንዲልኩላት ሁሉንም ጠየቀች። ምን ሰበብ እንደፈጠረች አላውቅም፣ ለምን እንደፈለገችው ግን አልነገረቻቸውም። ዳንስ መጣ። ኬክ መጣ። ሚዜዎች ሲስቁ መጣ። ምርቃት ማን በስልኩ ይቀርጻል፣ ካሜራማን ቆሞ? አንዲቷ ብቻ አሥራ ሁለት ሰከንድ አላት። የሰው ጀርባና ጄኔሬተር።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ኢዛና መፍትሔ አለኝ ብሎ መጣ። "መብራት መጣ ሄደ ሲል ዲስኩ ተቃጠለ በላቸው። በዚህ አገር ይሄን የማያምን ማን አለ?"

እውነት ነው። ያምኑኛል። እንዲያውም ያጽናኑኛል።

ሱሃይላ ከጠረጴዛዋ ሳትነሳ "እኔ ግን ስልክ አንስቼ እንዲያ አልልም። አንተ ራስህ አንሳ" አለች። ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከመናደድ ይልቅ አፈርኩ።

ማታ ይሄን ደብተር ወደ ኋላ ገለጥኩ። እዚያው ነበርኩ እኮ። ሄድፎን ጆሮዬ ላይ፣ ማይኩ ደረታቸው ላይ። ከድንኳኑ ሰው ሁሉ በላይ የሰማሁ እኔ ነኝ። የሆነ ቃል ጽፌ ይሆናል ብዬ… "አባትየው ረጅም መረቁ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ።" ይኸው ነው። ከሥሩ ስለ ባትሪ።

ምን እያሰብኩ ነበር? የድምፅ መለኪያውን መርፌ እያየሁ ነበር። ደግሞ 31 ፋይል በስንት ሰዓት እንደሚያልቅልኝ እየደመርኩ ነበር።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

አርባው። ወንጂ ሄድኩ። ዘጠኙን ሰከንድ በፍላሽ ይዤ።

ጸሎቱ አልቆ ሰው የጾም ምግብ ሲበላ ለሲና ምልክት ሰጠኋት። እናቷን ይዛ መጣች፣ ሦስታችን ወደ ጓዳ ገባን። በቆምኩበት ተናገርኩ። መብራት አላልኩም። ኮምፒውተሩን ለማፍጠን ብዬ ከአቅሙ በላይ አስሩጬው ነው፣ አበላሽቶት ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው… ሲና አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀችኝ።

"እኛ ቸኩለን ነበር?"

"አልቸኮላችሁም።"

"ታዲያ ለማን ብለህ ነው?" አለች። መልሴን ሳትጠብቅ ወጣች። በሩን እንኳ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ዕቃ ቢወረውሩብኝ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ አሳየች የዱቄት ጆንያው ላይ ተቀመጠች። ከል ልብሷ ውስጥ አንሳለች። ስልኬን ሰጠኋት፣ ዘጠኙን ሰከንድ አየችው። ሦስት ጊዜ። ከዚያ ስልኩን መለሰችልኝ።

"እሺ" አለች። "አንተ ግን እዚያው ነበርክ። ያ ነገር ጆሮህ ላይ ነበር፣ አይቼሃለሁ። ምን አለ?"

ሆራ ቡላ አሉ፣ አልኩ። ልጅ ውለዱ፣ ከብት አርቡ… ደግ ዘመን ይምጣላችሁ…

"እሱንማ ሁሉም ይላል።" አልተቆጣችም። ወደ በሩ አየች፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ሠላሳ አራት ዓመት ሰው ፊት ስሜን ጠርቶ አያውቅም። እንዲያ ነው የነሱ ዘመን ሰው። 'እሷ' ነው የሚለኝ። 'የልጆቹ እናት'። አንድ ቀን ብቀልድበት ጊዜ፣ በሲና ሠርግ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት እጠራሻለሁ አለኝ። ያቺን ቀን እኔ ወጥ ላይ ነበርኩ። እሷ ልጅ ደግሞ ስታለቅስ ምንም አልሰማችም። ሌላውን ሰው እንዴት ብዬ ልጠይቅ? በዚህ ዕድሜዋ ይሉኛል።"

የጆንያውን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች።

"ጠራኝ?"

እዚህ ቤት የመጣሁት ውሸት ልተው ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እውነቱን ስናገር ነበር፣ እየቀለለኝም ነበር። አይኗን አየሁ።

"ጠርተውዎታል" አልኳት።

"ምን ብሎ?"

"አሳየች ብለው። ከዚያ ድምፃቸው ተያዘ፣ ትንሽ ቆዩ፣ ቀጠሉ።"

ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ቆሜ አየሁ። "እግዜር ይስጥህ ልጄ" አለችኝ። እኔን።

እዚህ ደብተር ላይ ግን ልጻፈው፣ ሌላ የምጽፍበት ቦታ የለኝም። አልሰማሁም። ይጥሩ አይጥሩ አላውቅም። ያንን የሚያውቀው ያ ፋይል ብቻ ነበር።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

ለሱሃይላ ነገርኳት። "ኃጢአት ነው?" አልኳት። "ከመብራቱ ውሸት ይለያል" አለች። "በምን?" ስላት አላወቀችም።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ሲና ደወለች። ከአርባው ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። እንኳን አደረሰህ እንኳ ሳትል፣

"አባዬ ስሟን ጠርቷል ለካ። እማዬ በፋሲካ ዕለት ነገረችን። ለምን ለኔም አልነገርከኝም?"

ታለቅሳለች። እናቷ መብላት ጀምራለች አለች፣ ለጎረቤት ሁሉ ታወራለች፣ ስታወራም ትስቃለች። "ቪዲዮውን ይቅር ብዬሃለሁ" አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የተሰጠኝ ይቅርታ በሰረቅሁት ነገር የተከፈለ ሆኖ ተሰማኝ።

ግንቦት 10፣ እሑድ

ወንጂ፣ ሌላ ሠርግ። ሽማግሌ ሲመርቅ አሁን የድምፁን መርፌ ለሱሃይላ እሰጣታለሁ፣ እኔ አዳምጣለሁ። አመሻሽ ላይ የሰማሁትን እዚህ እጽፈዋለሁ። የዛሬው አባት "ከሁለታችሁ የተቆጣ ቀድሞ ውኃ ይጠጣ" አሉ። ሰው ሳቀ።

ምሳ ላይ ኦቦ ኢፋ የሚባሉ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። ከኦቦ ወዬሳ ጋር አንድ ወርክሾፕ ሠርተዋል።

"አንተ አይደለህ የወዬሳን ልጅ ሠርግ ያነሳኸው?"

ነኝ አልኩ።

"ያን ዕለት እኔ ከጎኑ ነበርኩ። 'አሳየች' ብሎ ሲጠራ ድንኳኑ ጸጥ አለ። ሠላሳ ዓመት አብሬው ስሠራ ስሟን ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ድምፁ ተያዘ።"

ጉርሻዬን ዋጥኩ። "በጆሮዎ ሰምተዋል?"

"እንዴት አልሰማ" አሉ፣ ቅር ብሏቸው። "እዚሁ፣ አንተ በተቀመጥክበት ርቀት።"

ሰምተው ይሆናል። ወይም እትዬ አሳየች ነግራቸው… ከፋሲካ ወዲህ ወሬው ያልደረሰበት ቤት የለም። ከማን እንደሰሙት ልጠይቃቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ቢመልሱልኝስ በምን እለየዋለሁ?

ማታ ካርዱን ሁለት ቦታ ገለበጥኩ፣ እያንዳንዱን ከፍቼ አየሁ። ማሽኑ ሃምሳ ሁለት ደቂቃውን ሲፈጅ ወንበሬ ላይ ጠበቅሁት። አይኔን ስጨፍን ኦቦ ወዬሳ ይነሳሉ፣ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ፣ አፋቸውን ይከፍታሉ። ዛሬ አረንጓዴው አልመጣም። ስሟን ጠሩ፣ ትንሽ ቆዩ፣ ቀጠሉ።

እኔም አሁን አሁን የሰማሁት እየመሰለኝ ነው።